ዕጣኑ ስለት ነው፤ ዛፉስ?

ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ዕቃ ቤት በስለት የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ጧፍ፣ ዘቢብና ዕጣን። ጧፉ፣ ሰሙን ከቀፎ የሚያወርድ ንብ አናቢ አለው። ዘቢቡም የወይኑ ባለቤት አለው። ንቡ ከተሰደደ ቀፎው ባዶ ይቀራል፤ ወይኑ ካልተገረዘ በደንብ አያፈራም፤ ስለዚህ ሁለቱም ባለቤቶች የዛሬውን ሲሸጡ የከርሞውን ያስባሉ። ዕጣኑ ግን ማንም ካልተከለው፣ ማንም ካልኮተኮተው፣ ብዙ ጊዜም ማንም "የእኔ ነው" ከማይለው ዛፍ ነው የሚመጣው። ቡሬ ከተማ ውስጥ በአንድ አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ ንብረት ክፍሉን ይዤ የማገለግል ሰው ነኝና ስለ ዕጣን ግዥና ወጪ ብጽፍ ከሙያዬ አልወጣሁም። የምለውም አንድ ነገር ነው፤ ዕጣኑን የምናጤስ እኛ ደገኞች ለዛፉ ከፍለን አናውቅም፤ አሁን መክፈል አለብን።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ዛሬ ሥራዬ ሚዛን መያዝና ደብተር ላይ መጻፍ ነው። ዕጣን ገቢ የሚሆንባቸው ቀናት ከወር ወር ይመሳሰላሉ፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ። ታሞ የዳነ፣ ልጇ ፈተና ያለፈላት፣ በሬው ጠፍቶ የተገኘለት፣ ቆላ ወርዶ በሰላም የተመለሰ ሁሉ በላስቲክ ቋጥሮ ያመጣል። ወጪው ግን ቀን አይመርጥም፤ ለጸሎተ ዕጣን፣ ለቅዳሴ፣ ለፍትሐት። ዐቢይ ጾምና ፍልሰታ ሲገቡ ቅዳሴው የየዕለት ስለሚሆን ጽናው ቀዝቅዞ አያውቅም። ይህ የአንድ አጥቢያ ብቻ ነው። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ቡና በተፈላ ቁጥር ማጨሻው ላይ ቆንጠር አድርጎ የማይጥል ቤት በቡሬ ብዙ የለም። መንገድ ዳር ረከቦት ዘርግተው ቡና የሚሸጡትን ሴቶች ጨምሩበት። ፍኖተ ሰላምን፣ ደምበጫን፣ ሽንዲን፣ የገጠሩንም ሁሉ ጨምሩበት። ምዕራብ ጎጃም ያለ ዕጣን የሚውልበት ቀን የለም።

ለቤተ ክርስቲያን የምንገዛው ነጩን ነው። ዕጣን ከበረሃ ሲመጣ ቅርፊትና አፈር ተቀላቅሎበት ነው። መጋዘን ውስጥ ሴቶች ተቀምጠው በእጃቸው እየለቀሙ፣ በመጠንና በቀለም እየለዩ፣ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ደረጃ ያወጡለታል። ጎላ ጎላ ያለው ነጩ በአብዛኛው ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ቻይና፣ ዐረብ አገርና አውሮፓ ገብቶ ሽቶም መድኃኒትም ይሆናል። ጠቆር ያለውና ፍርፋሪው ለአገር ውስጥ ገበያ ይተርፋል። "ይሄኛው ከየት የመጣ ነው?" ብዬ ነጋዴውን ስጠይቀው "ከጎንደር ነው መምህር" ይለኛል። ጎንደር ማለቱ መተማና ቋራ ነው። ከዚያ አልፌ ዛፉ ዕጣኑን እንዲሰጥ ምን ያህል ጊዜ ደምቶ እንደሆነ፣ ዓመት አርፎ እንደሆነ ብጠይቀው ጤንነቴን ይጠራጠራል። እሱ ላይ አልፈርድም፤ ማንም ጠይቆት አያውቅማ።

ለማያውቁት ዛፉን ላስተዋውቅ። በሳይንስ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ይባላል። ከ950 እስከ 1,800 ሜትር ከፍታ ባለው ቆላ፣ ብዙው ዛፍ በማይደፍረው ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ይበቅላል። ቅርፊቱ ስስ ነው፤ እየተላጠ ይንጠለጠላል። እኛም ዘንድ እንግዳ አይደለም። ቡሬ ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ብትቀመጥም፣ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ነው የሚወርደው። የዓባይ ሸለቆ ከዕጣን ዛፍ አገሮች አንዱ ነው፤ ቦስዌሊያ ፒሮቴ የሚባለው፣ ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም የትም የማይገኘው ዘመዱም በዚሁ ሸለቆና በተከዜ ይበቅላል። በበጋ ተዳፋቱን የሚያይ መንገደኛ ቅጠሉ የረገፈ፣ ግንዱ ፀሐይ ላይ የሚያብረቀርቅ ዛፍ ያይና "ደርቋል" ብሎ ያልፈዋል። አልደረቀም። የሚያብበውም የሚያፈራውም በዚያው በበጋ፣ ቅጠል ሳይኖረው ነው። ቅጠል የሚያወጣው ክረምት ሲገባ ለጥቂት ወራት ብቻ ሲሆን የዓመት ስንቁን የሚይዘው በእነዚያ ወራት ነው። የጉዳዩ ሥር እዚህ ላይ ነው ያለው፤ ሰው ዕጣኑን የሚፈልግበትና ዛፉ ዘሩን የሚያዘጋጅበት ወቅት አንድ ነው።

የሚያደሙት ሰዎች መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ በረሃ ይወርዳሉ። መንጋፍ በሚባለው ስለታም መሣሪያ ከግንዱ ላይ ቅርፊቱን በትንሹ ይልጡታል። ነጭ ፈሳሽ ይወጣና ይረጋል፤ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ተመልሰው ይለቅሙታል፤ ቁስሉንም ሰፋ አድርገው ያድሱታል። ዝናብ እስኪጥል ከ8 እስከ 12 ጊዜ እንዲህ ይደረጋል። በዚህ ሁሉ ድካም ከአንድ ዛፍ በዓመት የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ኪሎ አይሞላም። ሥራው ፀሐይ ነው፣ ውሃ ጥም ነው፣ ወባ ነው፣ እባብ ነው። እጀ ቀላል ባለሙያ ካልሆነ መንጋፉ ከቅርፊቱ አልፎ እንጨቱን ይመታና ዛፉ ይበላሻል። በመተማ ይህ ሙያ ለረጅም ዘመን በአብዛኛው ከትግራይ በሚመጡ ሰዎች እጅ ነበር፤ ከ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት በኋላ ያ ጉዞ እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ዛፉ ምን ያህል እንደሚችል የሚነግረን አላጣንም። ዶ/ር ሞቱማ ቶሌራና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ዕጣኑ የሚፈስባቸውን ስስ ቧንቧዎች በማይክሮስኮፕ ተከታትለው በውስጠኛው ቅርፊት ውስጥ እርስ በርስ ተያይዘው አግኝተዋቸዋል፤ ስለዚህ በጥንቃቄ የተከፈተች ትንሽ ቁስል ከሩቅ ያለውን ሳይቀር ታመጣለች። ዶ/ር አበጀ እሸቴ በመተማና በአበርገሌ ያካሄዱት ሙከራ ደግሞ ምርቱ ከቁስሉ ቁጥር ጋር የሚጨምረው በአንድ ዛፍ እስከ ዘጠኝ ቁስል ድረስ እንደሆነ አሳይቷል። ከዚያ በላይ ያለው ለሰውየው ድካም፣ ለዛፉ ሕመም ነው። ዶ/ር ተፈራ መንግሥቱና ባልደረቦቻቸው ማድማቱ ዛፉ ያከማቸውን ስንቅ እንደሚቀንስበት ለክተዋል። ለእኔ ለባዮሎጂ አስተማሪው ግን ከሁሉም የከበደኝ እ.ኤ.አ. በ2006 ከኤርትራ የወጣው ጥናት ነው። ካልደሙ ዛፎች ከተለቀመው ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ በብዛት ከደሙት የበቀለው 16 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። ጥጃዋን አስርቦ ላሟን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ማለብ ማለት ይሄ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የመንጋፉ ብቻ ነው ብሎ የሚደመድም ይሳሳታል። በመተማ ለምለም ተራራ በሚባል ቦታ ተመራማሪዎች የዛፎቹን የዕድሜ ቀለበት ቆጥረው፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አድጎ ከዛፎቹ የተቀላቀለ አዲስ ዛፍ እንደሌለ አረጋግጠዋል። በእኛ አቆጣጠር ስንመነዝረው፣ ዛሬ የምናጤሰውን የሚሰጡን ዛፎች በንጉሡ ዘመን የበቀሉ ናቸው ማለት ነው። ደርግ መጣ፣ ሄደ፤ ኢሕአዴግ መጣ፣ ሄደ፤ በዚያ ጫካ ውስጥ ልጅ አላደገም። የሚደንቀው ደግሞ ባልደሙ የዕጣን ደኖችም ሁኔታው ተመሳሳይ መሆኑ ነው። ችግኙ ይበቅላል፤ በጋ ሲመጣ ከላይ ይደርቃል፤ ክረምት ሲገባ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። በዚህ መሃል በየዓመቱ የሚለቀቀው ሰደድ እሳት ይለበልበዋል፤ ከእሳት የተረፈውን ከብትና ፍየል ይግጠዋል። ትልልቆቹን ደግሞ ግንዳቸውን የሚበሳ ጢንዚዛ ይገባባቸዋል፤ የደከመ ዛፍም ነፋስ ይጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናት ትልልቆቹ ዛፎች በዓመት ከ6 እስከ 7 በመቶ እንደሚሞቱ ገምቷል። ሟች እንጂ ተተኪ የሌለበት ቤት መጨረሻው ይታወቃል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በፕሮፌሰር ፍራንስ ቦንገርስ መሪነት፣ የአገራችን ተመራማሪዎችም ያሉበት ቡድን ጉዳዩን ሰፋ አድርጎ አቀረበው። የዛፉን የመኖሪያ አካባቢ ከሞላ ጎደል የሚሸፍኑ 23 የዕጣን ደኖች ተጠኑ፤ 21,786 ዛፎች ተለኩ። ከደኖቹ ከ75 በመቶ በሚበልጡት ውስጥ ወጣት ዛፍ የሚባል አልተገኘም። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል ተባለ። ይህ ከተጻፈ ዓመታት አልፈዋል፤ ሃያው እየተቆጠረ ነው። በዚያው ዓመት ጄኔቫ ላይ የተሰበሰበው፣ በመጥፋት ላይ ባሉ ዝርያዎች ላይ የሚደረገውን ንግድ የሚቆጣጠረው የሳይቴስ ጉባኤ የዕጣን ዛፎች ጉዳይ እንዲጠና ወሰነ። ጉዳዩ ጄኔቫ ደርሷል፤ ቡሬ ሰበካ ጉባኤ ግን ገና አልደረሰም።

ወደ እኛ ላምጣው። ከቡሬ፣ ከወንበርማ፣ ከጃቢ ጠህናን ወጣቶች በየዓመቱ ወደ መተማ ይወርዳሉ፤ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ። ሰሊጡ የተዘራበት መሬት ብዙው ትናንት ደን ነበር፤ ከደኑም ውስጥ የዕጣን ዛፍ ነበረበት። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ሰፈራ ከደጋው መሬት ያነሳቸው ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ መተማና ወደ ቋራ ወረዱ፤ እነሱም ኑሮ ነበራቸውና ጫካ መነጠሩ። እኛው ከተማ ላይ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ትልቁ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመረቀ። ደስ ብሎን ነው የመረቅነው፤ የዘይት ሰልፍ ያየ ሰው ፋብሪካ አይጠላም። የቅባት እህል በተፈለገ ቁጥር ግን አዲስ የሚታረሰው መሬት ቆላው መሆኑን አውቀን እንግባበት። የጎጃም ሰው በዚህ ነገር ውስጥ ሦስት እጅ አለው፤ ዕጣን በመግዛቱ፣ በሰፈራው በመሬቱ፣ በሰሊጡ በጉልበቱ። "የመተማ ጉዳይ ነው" ብሎ መቀመጥ አያምርበትም።

ለምን እንዲህ ሆነ? የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ዛፉ ባለቤት የለውም። መሬቱ የመንግሥት ነው። ደኑ ለኩባንያ ወይም ለማኅበር በፈቃድ ይሰጣል፤ ፈቃዱ ያልቃል፣ ይታደሳል ወይም ለሌላ ይተላለፋል። የሚያደማው ሰው የሚከፈለው ባመጣው ኪሎ ነው። አምና የደማ ዛፍ ዘንድሮ ይረፍ ቢል ከደመወዙ ነው የሚቀነሰው። ፈቃድ የያዘውም ቢሆን ከጥቂት ዓመት በኋላ ጫካው የማን እንደሚሆን አያውቅም። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለው ተረት በሹማምንት ላይ ብቻ የሚሠራ ይመስለናል፤ የጫካ ፈቃድም ሹመት ነው። በአጭር ሹመት ውስጥ የሚያርፍ ዛፍ አይኖርም።

ባለቤት ሲኖር ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ወደ አዊ ተሻግራችሁ ፋግታ ለኮማን እዩ። ገበሬው ማሳውን ዲከረንስ በሚባል ዛፍ ሸፍኖታል፤ ተክሎ፣ በአራት አምስት ዓመቱ ቆርጦ፣ ከሰል አክስሎ፣ መሬቱን አርሶ እንደገና ይተክላል። ዲከረንሱ ለሥነ ምህዳሩ የራሱ ጣጣ እንዳለበት አውቃለሁ፤ ለእህል የሚሆነውን መሬት ስለ መሻማቱም ክርክር አለ። ግን አንድ ነገር አስተምሮናል፤ የእኔ ነው የሚለውና ገበያ ያለው ዛፍ ሲሆን የጎጃም ገበሬ ለመትከል የሚመክረው ሰው አይፈልግም። የቡሬ ገበሬ በጓሮው የተከለውን ባሕር ዛፍ ማንም አስገድዶት አይደለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ናት። በጎጃምም በጎንደርም ከአውሮፕላን ላይ ቁልቁል ለሚያይ ሰው አገሩ ሁሉ እርሻ ሆኖ፣ አረንጓዴ የሚታየው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ዝግባ ያለበት ደን በየደብሩ የቀረው የተቀደሰ ነው ስለተባለ ብቻ አይደለም፤ ጠባቂ ስላለው ጭምር ነው። ቄሰ ገበዙ አለ፣ ምእመኑ አለ፣ ግዝቱ አለ። ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ይህን ደን ለዓመታት አጥንተው፣ በደቡብ ጎንደር ከብት እንዳይገባበት የድንጋይ ካብ እንዲካብ ከማኅበረሰቡ ጋር ሠርተዋል። እንግዲህ ግራ የሚያጋባኝ ይሄ ነው፤ ቅጥሯ ውስጥ ያለውን ዛፍ በግዝት የምትጠብቅ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መቅደሷ ውስጥ በየዕለቱ የምታጤሰውን ዛፍ ማን እንደሚጠብቀው ጠይቃ አታውቅም።

ይህን ሐሳብ ለአንድ አባት ባነሳላቸው፣ "መምህር፣ ዛፉን የፈጠረ እሱ ያውቅበታል" አሉኝ። "አባታችን፣ የግቢያችንን ጽድ የፈጠረውም እሱ ነው፤ ታዲያ ዘበኛ ለምን ቀጠርን?" አልኳቸው። ሳቁ። "እሱስ ልክ ነህ" ብለው ወዲያው የሚያሳስባቸውን ነገሩኝ፤ ቤተ ክርስቲያኗ ድሃ ናት፣ የካህናቱ ደመወዝ እንኳ በጊዜው አይደርስም፣ በዚህ ላይ የዛፍ ወጪ ይጨመር ሲባል ምእመኑ ምን ይላል? ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። መልሴ ግን እንዲህ ነው። የዕጣን ዋጋ ወትሮም እየጨመረብን ነው፤ ምርቱ እንደተባለው በግማሽ ከቀነሰ ደግሞ ከውጭ ገዥ ጋር ተጫርተን የምናሸንፈው በምን አቅማችን ነው? ያኔ ለጽናው የሚቀርብልን ምኑም የማይታወቅ ቅልቅል ይሆናል። ዛሬ ጥቂት አለመክፈል ነገ ብዙ መክፈል ነው።

ሌላው የሚቀርብብኝ መቃወሚያ "ማድማቱ ይከልከል፤ ዛፉ ይረፍ" የሚል ነው። ጥሩ ልብ ያላቸው ሰዎች ናቸው የሚሉት። ግን ያልደሙት ደኖችም ተተኪ እንደሌላቸው ከላይ አይተናል። ዕጣን የማይሰጥ ጫካ ደግሞ ለቆላው ሰው ሰሊጥ የሚዘራበት ባዶ መሬት ነው፤ ከልክሎ መሄድ ለመጥረቢያ አሳልፎ መስጠት ነው። ዛፉ የሚድነው ገቢ ሲያመጣ ነው፤ ገቢውም በልክ ሲሆን ነው። "ዕጣን እንቀንስ" የሚሉም አሉ። የቡና ቤቱ ጭስ ቢቀንስ አልቃወምም፤ አንዳንዱ ቤት ቡናውን ሳይሆን ጭሱን ነው የሚያጠጣን። የቅዳሴው ግን ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱን ከመቀነስ ምንጩን መጠበቅ ይቀላል።

ሦስተኛው መቃወሚያ ከሁሉም ይከብዳል። "በዚህ ጊዜ? መንገዱ በተዘጋበት፣ ሰው በሚሞትበት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ክልል ስለ ዛፍ ታወራለህ?" ይሉኛል። አዎ አወራለሁ። የሰው ሕይወት ከዛፍ እንደሚበልጥ ለእኔ የሚነግረኝ አያስፈልገኝም፤ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው በዚህ ግጭት መሃል ያሉት። ግን ሰላም የሌለበት ጊዜ ለጫካ ከሁሉም የከፋ ጊዜ ነው። ተቆጣጣሪ አይወርድም፣ ፈቃድ አይመረመርም፣ ሥራ ያጣ ወጣት ያገኘውን ይቆርጣል። ሰላሙ ሲመጣ ቆላ የሚወርድ ወጣት ሥራ የሚያገኝበት ነገር መኖር አለበት፤ የዕጣን ደን እንዲህ ካሉት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው፤ ዕጣን ፋብሪካም መብራትም አይፈልግም።

እንግዲህ የምጠይቀውን በዝርዝር ላስቀምጥ።

በመጀመሪያ ከራሳችን ልጀምር። እያንዳንዱ አጥቢያ ለዕጣን በዓመት ከሚያወጣው ገንዘብ ከመቶ አምስት "የዛፍ" ብሎ ይለይ። ዕጣን በስለት ያመጣ ምእመን ደግሞ ከፈቀደ ጥቂት ብር ጨምሮ ለዚሁ ያስመዝግብ፤ ደብተሩ እኔ ጋ አለ፣ አንድ ዓምድ መጨመር ነው። ገንዘቡ በየአጥቢያው ተበትኖ ዋጋ ስለማይኖረው ፍኖተ ሰላም ባለው የምዕራብ ጎጃም ሀገረ ስብከት በኩል ይሰብሰብ።

ቀጥሎ፣ ሀገረ ስብከቱ ዕጣኑን በጅምላ ይግዛ፤ ያውም ከገበያ ሳይሆን በቀጥታ ከአምራች ማኅበራት። ብዙ አጥቢያ ተሰባስቦ ሲገዛ ድምፅ ይኖረዋል። በውሉ ላይ ሦስት ነገሮች ይጻፉ፤ በአንድ ዛፍ ከዘጠኝ ቁስል እንዳይበልጥ፣ ቀጫጭን ዛፎች እንዳይነኩ፣ ጫካው ተከፋፍሎ ከፊሉ በየተራ እንዲያርፍ። የተለየው ገንዘብ በዚያ ያረፈ ክፍል ምክንያት ማኅበራቱ ላጡት ገቢ ማካካሻ ይሁን። እስከ ዛሬ ለቁስሉ ስንከፍል ኖረናል፤ ለዕረፍቱም ዋጋ ይውጣለት።

ሦስተኛው የክልሉ መንግሥት ድርሻ ነው። የዕጣን ደን ፈቃድ ችግኝ ተክሎ እስኪያድግ ለሚጠብቅ ሰው የሚበቃ ርዝመት ይኑረው፤ ቅድሚያውም ደኑ ሥር ለሚኖሩት ማኅበራት ይሰጥ። ፈቃድ ሲታደስ የሚመረመረው ስንት ኩንታል እንደወጣና ስንት ብር እንደገባ ብቻ መሆኑ ይቅር፤ ስንት ወጣት ዛፍ በሕይወት እንዳለ ይቆጠር። የእሳት መከላከያ ያልጠረገ፣ ከብት ያላገደ ፈቃዱ አይታደስለት።

የመጨረሻው እዚሁ ደጃችን ያለው ነው። የቡሬና የወንበርማ ቆላ ቀበሌዎች ወደ ዓባይ በሚወርዱበት ተዳፋት ላይ ለእርሻ የማይመች መሬት ሞልቷል። የዕጣን ዛፍ በዘር ብቻ አይደለም የሚበቅለው፤ ጠንካራ ቅርንጫፉ ተቆርጦ በበጋው ማለቂያ፣ ቅጠል ሳያወጣ በፊት ቢተከል የሚይዝበት ዕድል አለ፤ በዘር ለመጣው ችግኝ በጣም አስቸጋሪ የሆኑትን ዓመታትም በዚህ መንገድ ማሳጠር ይቻላል። የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ይቋቋምና ተዳፋቱ በስማቸው ይሰጣቸው፤ ካብ ይካቡ፣ እሳት ይጠብቁ፤ የጥበቃውን አበል የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከዛፍ ገንዘቡ እንክፈል። ምርት የሚያዩት ዛሬ ወይም ነገ አይደለም፤ ዛፉ ለመድማት እስኪደርስ አሥርተ ዓመታት ይፈልጋል። እንዲህ ላለው ረጅም ቀጠሮ ከቤተ ክርስቲያን የሚሻል ተቋም ደግሞ በአገራችን የለም። ሚኒስቴር ስሙ ይቀየራል፣ ፕሮጀክት በአምስት ዓመቱ ይዘጋል፤ ደብር ግን ይኖራል።

ከ3,500 ዓመት ገደማ በፊት ሐትሼፕሱት የምትባል የግብፅ ንግሥት ወደ ፑንት፣ ማለትም ወደ እኛው አካባቢ ነው ወደሚባለው ምድር መርከቦች ላከች። መርከቦቿ ዕጣን ብቻ አይደለም ጭነው የተመለሱት፤ ዛፎቹንም ከነሥራቸው በቅርጫት አድርገው ወሰዱ፤ ሥዕሉ ዛሬም ደይር ኤል ባሕሪ በሚባለው ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ አለ። ገዥ የሆነችው ሴት ዕጣን ብቻ መግዛት እንደማያዛልቅ ገብቷት ነበር። እኛ ዛፉ በአገራችን የበቀለልን ሰዎች እስከ ዛሬ ጠያቂ ሳንሆን ገዥ ብቻ ሆነን ቀርተናል።

በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ከመቶ አምስቱን በአጀንዳ አስይዛለሁ። ይበዛል የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ለእነሱ ከመቶ አንድ ብለን እንጀምር እላቸዋለሁ፤ ዓምዱ ደብተሩ ላይ ከተሰመረ ቁጥሩ በየዓመቱ ሊያድግ ይችላል። ይህን የሚያነቡ የሌሎች አጥቢያዎች ንብረት ክፍሎች፣ እናንተም ጋ ሚዛንና ደብተር አለ። ዕጣን ስትገዙ ነጋዴውን ከየት እንደመጣና እንዴት እንደደማ ጠይቁት። መጀመሪያ ይገረማል። አሥረኛው ሰው ሲጠይቀው ግን መልሱን ከጅምላ ሻጩ ይፈልጋል፤ ጅምላ ሻጩም ከጫካው። ጥያቄው ከደጋ ተነሥቶ ቆላ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ ዘንድሮውኑ እንጀምረው።